ሞናድኖክ ህንጻ (ቺካጎ)፦ ሰሜኑ ወፍራም፣ ደቡቡ ቀጭን። በሁለት ዓመት ውስጥ ምን ተፈጠረ?

የሌሊት ሹፌር፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ቺካጎ ታክሲ የምነዳ ሰው ነኝ። የግንባታ ትምህርት የለኝም። ግን አንድ ነገር ወራት ሙሉ ሲያብሰለስለኝ ቆይቷል፣ እዚህ የምታውቁ ስላላችሁ ልጠይቅ ብዬ ነው።

መሃል ከተማ፣ ጃክሰንና ዲርቦርን የሚገናኙበት ጥግ ላይ ሞናድኖክ የሚባል አሮጌ ባለ 16 ፎቅ ህንጻ አለ። ተሳፋሪ ስጠብቅ ብዙ ጊዜ እዚያ ጋ እቆማለሁ። በብርዱ ሰሞን አንድ ቀን ሻይ ይዤ ወረድኩና ንፋሱን ለመሸሽ መስኮቱ ጥግ ተጠጋሁ። ያኔ ነው ያስተዋልኩት። መስታወቱ ከግድግዳው ፊት በጣም ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ክንዴን ሳስገባ እስከ ክርኔ ዋጠኝ። ግድግዳው ደግሞ ወደ መሬት ሲጠጋ እንደ ሐበሻ ቀሚስ ጫፍ ሰፋ ይላል። ጌጥ የለውም፣ ሐውልት የለውም፣ ዝም ያለ ቡናማ ሸክላ ነው ከታች እስከ ላይ።

ከዚያ በዲርቦርን ወደ ደቡብ ጥቂት ስትራመዱ፣ ያው ህንጻ፣ ያው ስም፣ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ግድግዳው ይሳሳል፣ መስኮቱ ይሰፋል። ስልኬ ላይ ሳነብ የሰሜኑ ግማሽ በ1891፣ የደቡቡ በ1893 ነው ያለቀው (በፈረንጆቹ)። ልዩነቱ ሁለት ዓመት ብቻ! በሁለት ዓመት ውስጥ ምን ተፈጠረ?

ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ የዓለም የመጀመሪያው ሰማይ ጠቀስ ፎቅ የተሰራው እዚህ ከተማ ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው? ልጄ 12 ዓመቷ ነው፣ ለትምህርት ቤት ስለ ከተማዋ አሮጌ ህንጻዎች የምታቀርበው ነገር አላት። ቅዳሜ ይዣት ልወጣ አስቤያለሁ፣ የት የት ልውሰዳት?

—

አምደ ብረት፦

ሰላም ወንድሜ። አዲስ አበባ ነው ያለሁት፣ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ጥያቄህን ሳነብ ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም አንዳንድ ሰው አራት ዓመት ተምሮም እዚያ መስኮት ውስጥ ክንዱን አያስገባም።

አጭሩ መልስ፦ የሰሜኑን ግማሽ የውጭ ግድግዳ የሚሸከመው ግድግዳው ራሱ ነው። የደቡቡን የሚሸከመው ብረት ነው።

ረጅሙን ልንገርህ። ቺካጎ በጥቅምት 1871 ተቃጥላለች። ወደ 17,500 ህንጻ ወደመ፣ 300 ያህል ሰው ሞተ፣ 100,000 ሰው ቤት አልባ ሆነ። መልሰው ሲሰሩ መሃል ከተማው ጠባብ ነበር፣ በአንድ ወገን ሐይቁ፣ በሌላው ወንዙ፣ በደቡብ በኩል የባቡር ሀዲዱ ይዘውታል፤ የመሬት ዋጋ ደግሞ በየዓመቱ ሰማይ ይነካል። ስለዚህ ያለው መንገድ ወደ ላይ ነው። ሊፍት ባይኖር ማንም 10ኛ ፎቅ አይከራይም ነበር፣ ግን የኦቲስ ሊፍት ከ1857 ጀምሮ ኒው ዮርክ ውስጥ ሰው ያመላልስ ነበር። የቀረው ጥያቄ ክብደቱን ማን ይሸከም የሚለው ነው።

በሸክላ ግንብ ስትሰራ እያንዳንዱ ሸክላ ከላዩ ያለውን ሁሉ ይሸከማል። ታች ያለው ድርድር 15 ፎቅ ጀርባው ላይ ነው። ስለዚህ ወደ ታች በወረድክ ቁጥር ግድግዳው መወፈር አለበት። የሞናድኖክ ሰሜን ግድግዳ ጫፉ ላይ 18 ኢንች ነው፣ መሬቱ ጋ 6 ጫማ፣ ማለት 1.8 ሜትር ይደርሳል። ክንድህ ገብቶ ያላለቀው ለዚህ ነው። እስቲ ባለቤቱን አስበው፤ በጣም ውድ የሚከራየው ምድር ቤቱ ነው፣ ሱቅ የሚሆነው እሱ ነው፣ ያንን ቦታ ግን ግድግዳው በልቶታል።

ንድፉን የሰራው ጆን ሩት ነው፣ ከዳንኤል በርንሃም ጋር ሽርክ የነበረው። ያሰሩት ብሩክስ የሚባሉ የቦስተን ወንድማማቾች ናቸው፣ ቁጥብ ሰዎች። ከግድግዳው ወጣ ያለ ጌጥ አልፈልግም፣ ቆሻሻ ይይዛል አሉት። ሩት ደግሞ ጌጥ የሚወድ ሰው ነበር፣ ግን ከለከሉኝ ብሎ አልተኮሳተረም። ጌጡን ሁሉ ትቶ ቅርጹን ብቻ አሳመረው። ያ የቀሚስ ጫፍ ያልከው እሱ ነው። ጥጎቹንም ልብ ብለህ እያቸው፣ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር ስለታቸው እየተላጨ ይሄዳል፤ ለእነዚያ ጥምዝ ቦታዎች ሸክላው በልዩ ቅርጽ ተጋግሮ ነው የመጣው። ሩት ግን ሲጠናቀቅ አላየውም። ጥር 1891 በሳንባ ምች ሞተ፣ በ41 ዓመቱ።

የደቡቡን ግማሽ ሆላበርድና ሮሽ የሚባሉ ሌሎች አርክቴክቶች ናቸው የሰሩት፣ በብረት አጽም። ኮለንና ቢም (ቋሚውና አግዳሚው ብረት) መጀመሪያ ይቆማል፣ ግድግዳው በየፎቁ ብረቱ ላይ ይንጠለጠላል። ግድግዳው ስራው ዝናብና ብርድ መከልከል ብቻ ሆነ። እዚህ አዲስ አበባ አርማታው ቆሞ ብሎኬቱ በኋላ ሲሞላ የምታየው ያንኑ ሐሳብ ነው።

እና በሁለት ዓመት ምን ተፈጠረ ላልከው፣ የተፈለሰፈ አዲስ ነገር የለም። ብረቱ ከ1891 በፊትም ነበር። ሰሜኑ ግማሽ ራሱ ውስጡ የብረት ምሰሶ አለው። ያኔ ያልነበረው አመኔታ ነው። ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው 16 ፎቅ በቀጭን ብረት ላይ ሲቆም ማየት ያስፈራው ነበር፣ ጎረቤቶቹ ሰርተው ሲቆምላቸው ግን ፍርሃቱ ለቀቀው። በአንድ ህንጻ ላይ ሁለቱንም ዘመን ጎን ለጎን የምታይበት እንደዚህ ያለ ቦታ እኔ አላውቅም።

—

ጡረታ የወጣሁ ግንበኛ፦

ልጆቼ እንደምን አላችሁ። እኔ 30 ዓመት በላይ ድንጋይ የጠረብኩና የገነባሁ ሰው ነኝ። ቺካጎን አላየሁም፣ ልጄ ስልኩ ላይ ፎቶውን አሳየኝና እሱው እየጻፈልኝ ነው።

ይህን ግንብ የሰሩትን ሰዎች ስራ ያወቁ ናቸው እላለሁ። ቀጥ ያለ ግድግዳ ማንም ይገነባዋል። ቱምቢህን ትጥላለህ፣ ሲባጎህን ትወጥራለህ፣ ትደረድራለህ። እየጎበጠ የሚሄድ ግድግዳ ግን ቱምቢ አይረዳህም። በየድርድሩ ስንት እንደምትገባ ቀድሞ በእንጨት ቅርጹን ሰርተህ እያስጠጋህ ማየት አለብህ። አንድ ጣት ብትስት ከታች አይታይም፣ አስር ድርድር ላይ ስትደርስ ሆዱ ይወጣል። ያን ጊዜ ማፍረስ ነው። ይህ ደግሞ 16 ፎቅ ነው! እኛ ጥጉን የምንሰጠው ለዋናው ግንበኛ ነበር፣ መሃሉን ተማሪም ይሞላዋል። የዚህን ህንጻ ጥግ የያዘው ሰው ማን ይሆን እያልኩ ነው የማየው።

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ መሐንዲሱ። ይህን ሁሉ ሸክላ መሬቱ እንዴት ቻለው? ሐይቅ ዳር ነው ብላችኋል። እኛ ዋልካ ላይ አንድ ፎቅ ስንሰራ እንኳ ስንት ቆፍረን ነበር።

—

አምደ ብረት፦

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ትልቁን ጥያቄ እርስዎ ጠየቁ። መሬቱ አልቻለውም፣ እውነቱ ይህ ነው።

ቺካጎ የቆመችው ለስላሳ ጭቃ ላይ ነው። ጽኑ ድንጋይ ለማግኘት በጣም ጥልቅ መውረድ ያስፈልጋል። ባህሪው ግን ከእኛ ዋልካ ይለያል። ዋልካ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቤቱን ወደ ላይም ወደ ታችም ያናውጣል። የእነሱ ጭቃ ሲጫኑት ቀስ እያለ ይታመቃል፣ ዓመታት ሙሉ። ስለዚህ ሩት መሰረቱን እንደ ታንኳ አድርጎ አሰበው። ብረት አግድም ደረደረ፣ በላዩ ሌላ ብረት በተቃራኒው ደረደረ፣ በኮንክሪት ሸፈነው፣ ክብደቱ ሰፊ ቦታ ላይ እንዲበተን። በፊት በሰራቸው ህንጻዎች ላይ የባቡር ሀዲድ ብረት ነበር የሚጠቀመው። የሞናድኖክ መሰረት ከግድግዳው አልፎ 11 ጫማ ያህል ከመንገዱ ስር ወጥቷል።

ይሰምጣል ብለውም ቀድመው አስበውበታል። 8 ኢንች ይወርዳል ብለው ሰሩ። በ1905 ከዚያ አልፎ ነበር። በኋላ ወደ 20 ኢንች ደርሷል፣ ግማሽ ሜትር ማለት ነው! ግን እስከ ዛሬ ቆሟል። ሹፌሩ፣ ቅዳሜ ስትሄድ መግቢያውን ተመልከት፣ ከእግረኛ መንገዱ ወደ ውስጥ ስትገባ ወደ ታች ትረግጣለህ።

—

ከኤጅዋተር፦

ሰላም። እኔም ቺካጎ ነኝ፣ ሰሜን በኩል፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ያሉበት ሰፈር። ለልጅህ በጣም ደስ አለኝ፣ የእኔዎቹ ስልክ ላይ ብቻ ናቸው። የት ትውሰዳት ላልከው ያየሁትን ልንገርህ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን አትሞክር ግን፣ ህጻን ናት፣ ይደክማታል።

ከሞናድኖክ ተነስተህ ወደ ላሳል መንገድ በእግርህ ሂድ፣ ሩከሪ የሚባል አለ። እሱም የሩትና የበርንሃም ነው፣ በ1888 ያለቀ። ከውጭ ከባድ ድንጋይ ነው፣ ምሽግ ይመስላል። ስትገባ ግን ጣሪያው መስታወት ነው፣ ብርሃኑ ከላይ ይፈስሳል፣ እኔ መጀመሪያ ስገባ ድምጼን ዝቅ አድርጌ ነው ያወራሁት፣ ቤተክርስቲያን የገባሁ መስሎኝ። በ1905 ፍራንክ ሎይድ ራይት የሚባለው ዝነኛ አርክቴክት ምሰሶዎቹን በነጭ እምነበረድ ሸፍኖ ወርቅ ቀብቶታል። አንዱን ምሰሶ ግን በኋላ ሲያድሱ ትንሽ ገለጥ አድርገው ትተውታል፣ ከስሩ የሩት የድሮው ብረት ይታያል። ልጅህን እሱን ፈልጊ በላት፣ ትወደዋለች።

ስሙ ራሱ ታሪክ አለው። ከቃጠሎው በኋላ እዚያ ቦታ ጊዜያዊ ማዘጋጃ ቤት ነበር፣ እርግብ ስለበዛበት ህዝቡ ሩከሪ፣ ማለት የወፍ ጎጆ እያለ ይጠራው ነበር፣ አዲሱ ህንጻ ሲሰራም ስሙ ሳይለቀው ቀረ።

ሁለተኛ ኦዲቶሪየም። ይህን በደንብ አውቀዋለሁ፣ ምክንያቱም ውስጡ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ እኔ ማታ ማታ እዚያ ነው የተማርኩት፣ ስራ ውዬ። አድለርና ሱሊቫን ናቸው የሰሩት፣ በ1889 ነው የተከፈተው፣ አዲስ አበባ ገና በተቆረቆረችበት ሰሞን የተጀመረ ስራ ነው። ቲያትር፣ ሆቴልና ቢሮ በአንድ ህንጻ ውስጥ፣ ሲከፈት ቲያትሩ ብቻ ከ4,000 በላይ ሰው ይይዝ ነበር። ዳንክማር አድለር የድምጽ ሊቅ ነበር፣ ማይክሮፎን በሌለበት ዘመን የኋላው ሰው እንዲሰማ አድርጎ ነው ጣሪያውን ያጎበጠው። ሉዊስ ሱሊቫን ደግሞ ጌጡን ያዘ። ቅስቶቹ በወርቅ የተለበጡ ናቸው፣ በዙሪያቸው አምፖል ተሰክቷል፣ መብራት ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን! በሙቀት ጊዜ አዳራሹን የሚያቀዘቅዙት በበረዶ ላይ ንፋስ እያሳለፉ ነበር።

ጋሼ ስለ መሬቱ የጠየቁትን እዚህ በእግርዎ ይሰሙታል። ከባዱ የህንጻው ማማ ወደ 29 ኢንች ድረስ ሰምጧል። የቲያትሩ መግቢያ ወለል ሞዛይክ ነው፣ ወደ ውጭው ግድግዳ ስትጠጋ ወለሉ ቁልቁል ይወስድሃል። የመጀመሪያ ሴሚስተር ላይ ከስራ ደክሞኝ እየመጣሁ አዞረኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ግድግዳ ይዤ ቆሜያለሁ። በኋላ አንድ ሰው ወለሉ ነው ሲለኝ ነው ያመንኩት። አድለር ይህን ገምቶ ነበር፤ ማማው ገና ሳይደርስ የወደፊት ክብደቱን ያህል ብረትና ሸክላ ቆልሎበት አስቀድሞ እንዲረግጥ አድርጓል። ግን መሰረቱ ከተሰራ በኋላ የውጩ ግድግዳ ወደ ከባድ ድንጋይ ተቀየረ፣ ሒሳቡ ተበላሸ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወታደሮች መዝናኛ ሆኖ መድረኩ ላይ ቦውሊንግ ይጫወቱበት ነበር። ሊያፈርሱትም አስበው ነበር፣ ማፍረሻው ከመሬቱ ዋጋ በላይ ስለሆነ ነው የተረፈው ይባላል። ክብደቱ አሰመጠው፣ ክብደቱ አዳነው።

ጊዜ ካለህ ስቴት መንገድ ላይ ሪላያንስ የምትባለውን ህንጻ ከውጭ እያት፣ በ1895 ያለቀች፣ ነጭ፣ መስታወት በመስታወት የሆነች። ከሞናድኖክ ሰሜን ግማሽ በአራት ዓመት ብቻ ነው የምታንሰው፣ ግን የዛሬ ህንጻ ትመስላለች።

—

ታሪክ ፈታሽ፦

ሁለተኛዋ ጥያቄ ስላልተመለሰች ልግባ። የመጀመሪያው ሰማይ ጠቀስ የሚባለው ሆም ኢንሹራንስ ህንጻ ነው። ዊልያም ለባሮን ጄኒ ነው የሰራው፣ በ1885 አለቀ፣ 10 ፎቅ፣ 42 ሜትር። በ1891 ሁለት ፎቅ ተጨመረበት። ቅዳሜ ግን አታየውም፣ በ1931 ፈርሷል።

ጄኒ አስገራሚ ሰው ነው። ፓሪስ ነው ምህንድስና የተማረው፣ የፓሪሱ የብረት ማማ በስሙ ከሚጠራው ከኤፍል ጋር በአንድ ትምህርት ቤት፣ በተቀራራቢ ዓመት። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የሰሜኑ ጦር መሐንዲስ ነበር። በኋላ ሆላበርድም፣ ሮሽም፣ ሱሊቫንም እሱ ቢሮ ሰርተው ያለፉ ናቸው። ለእኔ ከህንጻው ይልቅ ይህ ይበልጣል፣ ከተማዋን የሰሯት ሰዎች ከአንድ ቢሮ ነው የወጡት።

ግን የመጀመሪያ የሚለውን ቃል ልጅህ ስትጽፍ ትጠንቀቅ። በ1931 ሲያፈርሱት የአርክቴክቶች ኮሚቴ አጽሙን እያየ መረመረ፣ አዎ የመጀመሪያው ይህ ነው አለ። ሌሎች ግን አልተቀበሉትም። ምክንያቱም ከኋላና ከጎን ያሉት ግድግዳዎች ሸክላ ነበሩ፣ ራሳቸውን የሚሸከሙ፣ ከታችም ትላልቅ የግራናይት ምሰሶዎች ነበሩት። ማለትም ሙሉ በሙሉ በብረት አልቆመም። በሌላ በኩል የብረት አጽም ሐሳቡ ራሱ ከዚያ በጣም ይቀድማል። እንግሊዝ ውስጥ ሽሩዝበሪ በ1797 የተሰራ በብረት ምሰሶና ቢም የቆመ የተልባ እግር መፍተያ ፋብሪካ አለ፣ ዛሬም ቆሟል።

እኔ የመጀመሪያ የሚባል አንድ ህንጻ የለም ባይ ነኝ። ሊፍቱ፣ ብረቱ፣ እሳት የማይበላው የሸክላ ሽፋን፣ መሰረቱ፣ ሁሉም በየፊናው መጥቶ ቺካጎ ላይ ተገናኘ።

—

አምደ ብረት፦

በአብዛኛው እስማማለሁ፣ ግን ለጄኒ ትንሽ ልሟገትለት። ጥግህን በግራናይት ይዘህም ቢሆን የውጭ ግድግዳን ክብደት በየፎቁ ብረት ላይ ማሳረፍ በ1885 ድፍረት ነበር። ማንም ፋብሪካ ውስጥ ምሰሶ አቁሟል፤ ከተማ መሃል፣ ባለ 10 ፎቅ ቢሮ፣ የኢንሹራንስ ድርጅት ገንዘቡን ያፈሰሰበት፣ ይህ ሌላ ነው። እኔ ብሆን የማቆምበትን ሌሊት እንቅልፍ አልተኛም ነበር።

—

አሮጌ ፎቶ፦

ዘግይቼ መጣሁ፣ ግን ሱሊቫን ከተነሳ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም።

አድለርና ሱሊቫን በ1894 ለቺካጎ የአክሲዮን ገበያ ባለ 13 ፎቅ ህንጻ ጨርሰው ነበር፣ ላሳል መንገድ ላይ። ከጎኑ የጋዜጣ ማተሚያ ነበረ፣ ለመሰረቱ እንጨት እየመቱ መሬት ውስጥ ቢያስገቡ መንቀጥቀጡ ማተሚያውን ያበላሸዋል፣ ስለዚህ በዚያ ወገን ጉድጓድ በእጅ ቆፍረው በኮንክሪት ሞሉት። ከዚያ በኋላ የከተማዋ ፎቆች ከጭቃው አልፈው ጽኑ መሬት ላይ መቆም ጀመሩ። ጋሼ የጠየቁት ጥያቄ መልስ ያገኘው እዚያ ነው።

ያ ህንጻ በ1972 ፈረሰ። ሪቻርድ ኒክል የሚባል ፎቶ አንሺ ነበር፣ የሱሊቫንን ስራ አንድ በአንድ ፎቶ ለማንሳት ዕድሜውን የሰጠ። በ1960 ጋሪክ የሚባለውን የሱሊቫን ቲያትር እንዳይፈርስ መፈክር ይዞ ወጥቷል፣ አልተሳካም። ከዚያ ማስቆም ሲያቅተው ማትረፍ ጀመረ። አፍራሾቹ ሲሄዱ እየገባ ቅርጻ ቅርጹን፣ ቴራኮታውን (የተጋገረውን የሸክላ ጌጥ)፣ የብረት ጌጡን በእጁ ነቅሎ ያወጣ ነበር። ሚያዝያ 1972 አክሲዮን ገበያው ፍርስራሽ ውስጥ እንደገባ ወለሉ ተደረመሰበት። አስከሬኑ የተገኘው ከሳምንታት በኋላ ነው። 43 ዓመቱ ነበር።

የገበያው አዳራሽ አሁን አርት ኢንስቲትዩት ሙዚየም ውስጥ እንደገና ተተክሏል፣ በቀለም የተሳለው ግድግዳና ጣሪያ ሁሉ። የመግቢያው ቅስት ደግሞ ከሙዚየሙ ውጭ ሳር ላይ ቆሟል፣ በነጻ ነው የሚታየው። ከኋላው ህንጻ የለም። በር ብቻ።

እኔ ፒያሳ ነው ያደግኩት። በ2016 ዓ.ም. ሰፈራችን ሲፈርስ የእንጨት በረንዳ የነበራቸውን ቤቶች በስልኬ ሳነሳ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ብርሃን ሲመታቸው ብቻ ነው የሚያምሩት እያልኩ ቀጠሮ ስሰጥ የቀሩኝ አሉ። የእጅ ሀዲድ የተሰነጠቀ ቁራጭ አንስቼ ቤት ወስጃለሁ፣ አሁንም መደርደሪያዬ ላይ ነው። ለዚህ ነው የኒክል ነገር የሚከብደኝ። ሹፌሩ ወንድሜ፣ ልጅህን ያን ቅስት አሳያት እባክህ። ፎቶም አንሷት።

—

ከኤጅዋተር፦

አሮጌ ፎቶ፣ አስለቀስከኝ። ያንን ቅስት አስር ዓመት አልፌዋለሁ በአውቶቡስ፣ የመናፈሻ በር ነበር የሚመስለኝ።

ሱሊቫን ራሱም መጨረሻው አላማረም። አድለር በ1895 ተለየው፣ ስራ ራቀው፣ በ1924 ሲሞት ድሃ ነበር። መቃብሩ ግሬስላንድ ነው፣ ከሰፈራችን ብዙ አይርቅም። ሩትም በርንሃምም እዚያ ናቸው። ሱሊቫን በጥሩ ጊዜው፣ በ1890፣ ለአንድ ሀብታም ሰው ሚስት የሰራው ትንሽ የመቃብር ቤት አለ እዚያው፣ ድንጋዩ ላይ ያለው ጥልፍ የሐበሻ ጥበብ ነው የሚመስለኝ። እሁድ ከቤተክርስቲያን ስመለስ አንዳንዴ አልፍበታለሁ።

—

የሌሊት ሹፌር፦

ወገኖቼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ሄድን፣ ላውራላችሁ።

ከሞናድኖክ ጀመርን። ልጄ መጀመሪያ ደስ አላላትም፣ አባዬ ይሄ እኮ ዝም ብሎ ግድግዳ ነው አለችኝ። ክንድሽን አስገቢ አልኳት። አስገባች። ከዚያ ከቦርሳዋ ሜትር አወጣች፣ ከቤት ይዛ መጥታ ኖሯል፣ እኔ አላውቅም። መስኮቱን ለካች፣ ጻፈች። ሮጣ ወደ ደቡቡ ሄዳ የዚያንም ለካች። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ስታይ ፊቷ ተቀየረ። ጋሼ፣ ጥጉንም እንዳሉት አየነው። ከስር ሆነን ቀና ስንል ጥጉ ወደ ላይ እየለሰለሰ ይሄዳል፣ እጄን ሸክላው ላይ ሳሳልፍ ጎባጣው አንድ ወጥ ነው፣ አንድም ቦታ ላይ አልጎረበጠኝም። የያዘው ሰው እጁ አልሳተም ጋሼ።

መግቢያው ላይ እውነትም ወደ ታች ነው የሚረገጠው። ዓመታት ሙሉ ስገባና ስወጣ ኖሬ ሰምጦ መሆኑን አላውቅም ነበር። ውስጡ ጠባብ ኮሪደር ነው፣ በግራና ቀኝ ሱቆች፣ ደረጃው አሉሚኒየም ነው፤ ዘበኛው አሉሚኒየም ለህንጻ ስራ ሲውል ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይህ ነው አለን።

ሩከሪ ቅዳሜ ስለሆነ እንዳንገባ ፈርቼ ነበር፣ ምድር ቤቱን ግን አስገቡን። የተገለጠውን ምሰሶ ያገኘችው እሷ ናት። ኦዲቶሪየም ቲያትሩ ዝግ ነበር፣ ያንን ወለል ሌላ ቀን።

መጨረሻ ላይ ቅስቱ ጋ ሄድን። መሽቶ ነበር፣ ንፋስ ከሐይቁ ይመጣል። የፎቶ አንሺውን ታሪክ ነገርኳት፣ ስለ መደርመሱ ልንገራት አልንገራት እያልኩ፣ ነገርኳት። ዝም ብላ በስሩ አለፈች፣ ተመልሳ አለፈች። ከዚያ ሜትሩን አወጣችና የአንዱን እግር ወርድ ለካች፣ ቁጥሩን ከሞናድኖኩ ስር ጻፈችው። አሮጌ ፎቶ፣ ፎቶውን አንስቻታለሁ፣ በግል እልክልሃለሁ።

ቤት ስንደርስ የጠየቀችኝን ልጠይቃችሁ፣ እኔ መልስ የለኝም። ሞናድኖክ አሁንም እየሰመጠ ነው ወይ?

—

አምደ ብረት፦

በ1940 ገደማ በዲርቦርን ስር የምድር ባቡር ሲቆፍሩ የምስራቁን ግድግዳ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ጽኑ አፈር ላይ አሳርፈውታል። ሌላው ወገን የሩት ታንኳ ላይ ነው ያለው። ጭቃ ደግሞ አብዛኛውን መውረድ የሚወርደው በመጀመሪያዎቹ አስርት ዓመታት ነው፣ እያደር ይዝላል። ሜትሯን ትያዝ በላት፣ የመግቢያውን ከፍታ ዛሬ ለክታ ትጻፈው፣ ኮሌጅ ስትገባ ደግማ ትለካዋለች።